ልጄን ደምና ሽንት የጠየቋት ጧት

መቼ እንደሆነ ቁርጡን አላስታውስም። ባለቤቴ ጥቅምት ነው ትላለች፤ እኔ ኅዳር የገባ ይመስለኛል። ጣና ከክረምቱ ሙላት ገና አልጎደለም፤ ጧት ጧት ደግሞ ብርዱ ጀማምሮ ነበር፤ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ዓመቱን ብትጠይቁኝም ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን የተጠራችበት ነው እላችኋለሁ እንጂ ቁጥሩን ልሳሳት እችላለሁ። ያንን ጧት ራሱን ግን ዛሬም ከነዝርዝሩ አስታውሳለሁ።

ልጄ ቡጢ ትጫወታለች። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ፊቴን ቀና ብሎ ያየኛል፤ ለምጀዋለሁ። እኔ ዕድሜየን የፈጀሁት ጎርጎራ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ዕቃ ስጭንና ሳወርድ ነው። ፊደል የቆጠርሁትም ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለ ቡጢ የማውቀው ነገር አልነበረም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የወጣቶች አዳራሽ ጎራ አለች፣ በዚያው ቀረች። እናቷ ሁለት ሳምንት አኮረፈች። እኔ አንድ ቀን ሄጄ ልይ ብየ ገባሁ። ልጄ ስትሰነዝር ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ሲሰነዘርባትም ጨፈንሁ። ምን አየህ ብትሉኝ ምንም አላየሁም።

ያን ዓመት አዲስ አበባ ለብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ሄዳ አሸንፋ ተመለሰች። ደስታችን ሳያልቅ ግን ግራ ጆሮዋ ይጮህባት ጀመር። በመጨረሻው ግጥሚያ የተሰነዘረባት ቡጢ ነው። ሐኪም አየና «ይተዋታል» አለ። አልተዋትም። ውጭ አገር የምትሄድበት ውድድር ሲቃረብ እንቅልፍም አጣች። ያኔ ነው እኔ ጸበል ያልሁ።

«አባየ፣ ሐኪሙ እኮ ጊዜ ስጭው ብሎኛል» አለችኝ።

«ሐኪሙም ይሁን፣ ጸበሉም ይሁን» አልኋት። አላመነችበትም፤ ለእኔ ስትል ብቻ እሽ አለች።

ከደሴቶቹ በአንዱ ካለ ገዳም በቢጫ ጀሪካን ጸበሉን ቀድቼ አመጣሁ። ሰባት ቀን ሱባኤ ሆነ። ጧት ጧት በባዶ ሆዷ ሰባት ሰባት ጣሳ ትጠጣለች፤ የምቀዳላት እኔ ነኝ። የነፍስ አባታችን ፊት ቀርበን ቃል ስትገባ አንድ ነገር ከራሴ ጨመርሁ። ሱባኤው እስኪፈጸም ድረስ ከሰውነቷ ደም እንዳይፈስ አልሁ። ደም የሚፈሰው ሰው ጸበል ቤት አይገባም ሲባል ነው ያደግሁት። አባ ቀና ብለው አዩኝ፤ ልጄም «እሽ፣ አይፈስም» አለች። በዚህ ምክንያት ሰባቱን ቀን ከሰው ጋር አትጋጠምም፤ ትሮጣለች፣ ገመድ ትዘላለች፣ በቃ።

አሠልጣኟ ይህን ሲሰማ ቤት ድረስ መጣ።

«አባት፣ ልጅቷን እኮ መነኩሴ አደረጓት!»

«ትሩጥልህ። ሩጫ ደም የለበትም።»

«የምትጫወተው ቡጢ ነው። ደም የሌለበት ቡጢ የት አገር አይተዋል?»

«እሷ የሌላውን እንጂ የራሷን አታፈስም» አልሁት። ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ሊቆጣ አልቻለም።

በስድስተኛው ቀን ጧት በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ሐሙሲት ከተማ አራስ እኅቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ቤት ያለነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ሰባተኛዋን ጣሳ ጨልጣ አፏን እየጠረገች ነበር። ስከፍት አንድ ጎልማሳና አንዲት ሴት ቆመዋል፤ ሰውየው የክትባት ሣጥን የመሰለ ነገር በትከሻው አንግቷል።

«እኛ ቤት ሕፃን የለም» አልኋቸው። «ጓሮ ያለችው ተከራይ ግን አላት፤ ልጥራላችሁ?»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «አባቴ፣ እኛ የመጣነው ለልጅዎ ነው።» ወረቀትና መታወቂያ አሳየችኝ። እኔ ማንበቡን ሳልጨርስ ልጄ ከኋላየ መጥታ «ግቡ» አለቻቸው። አልደነገጠችም። ለካ ብሔራዊ ቡድን የገባ ሰው የሚያድርበትን ቤት ያስመዘግባል፤ መርማሪ ሳይናገር ሊመጣበት ይችላል። አበረታች መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ለማጣራት ነው። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። የእኔ ልጅና መድኃኒት! ራስ ምታት ሲይዛት እንኳ ኪኒን በልመና ነው የምትውጠው።

ሽንት ቤታችን ጓሮ ነው፤ በቆርቆሮ የተከለለ፣ ለአራት ቤተሰብ የሚያገለግል። ልጄ ወደዚያ ስትሄድ ሴትዮዋ እግር በእግር ተከተለቻት። እሷም ቸኩላ መስሎኝ «ልጄ፣ ጠባብ ነው፤ ተራ ትጠብቂያለሽ» አልኋት። ሰውየው ክንዴን ቀስ አድርጎ ያዘኝ።

«አባባ፣ አብራት ነው የምትገባው።»

«ለምን?»

«ሽንቱ ከሰውነቷ ሲወጣ ማየት አለባት።»

«ማየት?»

«ማየት።»

ደጃፍ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ልጄ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እናቷ እንኳ አጠገቧ ቆማ አታውቅም። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ በአባቷ ግቢ፣ በአባቷ ፊት፣ የማታውቃት ሴት ቆማ እያየቻት! ቆርቆሮው በር ሲዘጋ የእኔን ደረት የዘጉት መሰለኝ።

«ይህን የደነገገው ምን ያለ ሰው ነው?» አልሁት።

አልተቆጣም። «የሌላ ሰው ሽንት በልብሳቸው ደብቀው የሚመጡ ስላሉ ነው አባባ።»

«የሌላ ሰው ሽንት?»

«አዎ።»

  የሰው ሽንት በብብቱ ይዞ የሚዞር ፍጥረት መኖሩን ሰባ ዓመት ስኖር አልሰማሁም።

ተመልሰው መጡ። ልጄ የሽንቱን ዕቃ ራሷ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። የእኔ ፊት ነው የቀላው። ሰውየው ከውስጡ ጠብታ ወስዶ መነጽር በመሰለች ትንሽ መሣሪያ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን አንጋጦ አየ። ደግሞ አየ። ለሴትዮዋ አሳያት።

«ውሃ ነው» አለች። «በጣም ቀጭን። ይህ አይመረመርም፤ እንደገና መስጠት አለብሽ። ዛሬ ምን ጠጣሽ?»

«ጸበል።»

«ምን ያህል?»

«ሰባት ጣሳ።»

ሰውየው ብዕሩን አንሥቶ መጻፍ ጀመረ።

«ምንድን ነው የምትጽፍ ልጄ?» አልሁት።

«የወሰደችውን ሁሉ እንመዘግባለን አባባ። መድኃኒት ቢሆን፣ ቪታሚን ቢሆን።»

«ጸበሉን ከኪኒን ጋር?»

«የነገረችኝን ነው የምጽፍ።»

አማተብሁ። ጸበል በምርመራ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ማየት ለእኔ የማይታሰብ ነበር። የባሰው ግን ገና ነው። ልጄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ፤ የወሰዱትን ነገር መደበቅ የሚፈልጉ ሰዎች ሽንታቸው እንዲቀጥን ውሃ ይጋታሉ። «እንዲህ አድርገሻል አላሉኝም አባየ። መወፈር ስላለበት ብቻ ነው» አለችኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። በገዛ እጄ ቀድቼ ያጠጣኋት ውሃ ልጄን ሌባ አስመስሏት ቁጭ አለ።

እንግዲህ እስኪወፍር ይጠበቅ ተባለ። ልጄ ለአሠልጣኟ ደወለች፤ በባጃጅ ደረሰ። ሌላው የጓሮ ተከራይ፣ የኮሌጅ ላቦራቶሪ አስተማሪውም የጥርስ ብሩሽ በእጁ ይዞ ወጣ። ግቢያችን ሰርግ ያለበት መሰለ። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ሁለተኛውን ነገር የተናገረ።

«ዛሬ የታዘዝነው ሽንት ብቻ አይደለም። ደምም እንወስዳለን። ሽንቱ እስኪደርስ ደሙን እናስቀድም።»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ «ሱባኤየ ነገ ነው የሚያልቀው። ቃል አለብኝ፤ ደም አልሰጥም» አለች።

ሴትዮዋ ወንበሯን ሳበችና አጠገቧ ተቀመጠች። «እኅቴ፣ አልሰጥም ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

እኔ አላውቅም ነበር። ነገሩኝ። ደም አልሰጥም ያለ ስፖርተኛ መድኃኒት እንደወሰደ ይቆጠራል። ለዓመታት ይታገዳል። ውጭ አገሩ የለም፣ ብሔራዊ ቡድኑ የለም፣ ያ ሁሉ ሩጫ የለም። ስሟም ከእነዚያ ሽንት ደብቀው ከሚመጡት ጋር ይጻፋል። ልጄ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እምቢ ያለችው፤ ያውም ለማታምንበት ነገር፣ አባቷ ስላስማላት ብቻ። 

ሰውየው «ቁጭ ትበልና ታስብበት፤ ከመወሰዱ በፊት ዐርፋ መቀመጥ አለባት» አለ። እሷ ሄዳ ማንጎው ሥር ተቀመጠች፤ ወንዶቹ ደግሞ ክርክር ጀመሩ።

«ሽንት ይበቃ ነበር!» አለ አሠልጣኙ። «ስንት ዘመን በሽንት ሲሠራ አልነበረም? አሁን ደም አሉ፤ ነገ ደግሞ መቅኔ ይላሉ።»

«በሽንት የማይታይ አለ እኮ» አለ አስተማሪው አፉ አረፋ እንደሞላ። ተፋና ቀጠለ። «የእድገት ሆርሞን የሚሉት አለ፣ ደም የመቀበል ዘዴ አለ። ደም ካልታየ ያመልጣል።»

«ብዙው ነገር ግን ሽንት ውስጥ ነው ቆይቶ የሚገኘው። ደሙ ቶሎ ይጠራል።»

«ለዚህ አይደል ሁለቱንም የሚወስዱ? አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል።»

«አንተ መርፌ ሲወጋህ አይደለማ! ልጅቷ ነገ ከነገ ወዲያ የምትጋጠም ናት።»

«ሁለት ማንኪያ ደም ነው። አንተ በአንድ ልምምድ ከአፍንጫዋ የምታስፈስሰው ይበልጣል።»

አሠልጣኙ ይህን ሲሰማ ሳቁ አመለጠው። አስተማሪው ግን አልሳቀም። «ሩጫ ቢሆን እኔም እንዲህ አልልም። ሯጭ ቢያጭበረብር ቀድሞ ይገባል፤ በቃ። ቡጢኛ ቢያጭበረብር የሚሰበረው የሰው ጭንቅላት ነው» አለ።

ይህን እስከዚያ ሰዓት አስቤው አላውቅም። ልጄን አየኋት፤ በግራ እጇ ጆሮዋን ይዛለች። ሁልጊዜ የምትይዘው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ።

«የእኔን ልጅ ጆሮ ያስጮኸቻት ልጅ» አልሁ፣ «እሷስ ያን ቀን ተመርምራ ነበር?»

ለአሠልጣኙ ነው የጠየቅሁት። መሬት መሬት አየ። «እዚያ ምርመራ አልነበረም አባት። ምንም አድርጋለች ማለት ግን አይደለም።»

«ማለት አይደለም» አልሁ። መድኃኒት ወስዳም ይሆናል፣ ሳትወስድም ይሆናል፤ ማንም አያውቅም። ምን ይዛ እንደመታቻት ማንም አላየም። ጧት ጀምሮ እነዚህን ሁለት ሰዎች በሆዴ ስረግማቸው ነበርና አፈርሁ። ግን እግዜር ፊት የተገባው ቃልስ? እሱ አልለቀቀኝም። ከሁለቱ መካከል ተቀረቀርሁ።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው ያን የማይረሳኝን ስሕተት የሠራሁ። ተነሥቼ ወደ ሰውየው ሄድሁ፣ የእጅጌየን ቁልፍ ፈታሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁለት።

«የእኔን ውሰድ» አልሁት በለሆሳስ። «ደሟ የእኔ አይደለም? አባቷ ነኝ። ሱባኤ የገባችው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። የፈለግኸውን ያህል ቅዳ።»

 አሠልጣኙ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሰውየው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ይህን አልሰማሁም» አለ። «ደግመው አይበሉት። የሌላ ሰው ደም በእሷ ስም ቢገባ ከእምቢታውም የባሰ ወንጀል ነው። እሷን ነው የሚያጠፋት።»

እጅጌየን መልሼ መቆለፍ አቃተኝ። የሰው ሽንት ደብቀው የሚመጡትን ስሰማ የተዘገነንሁት እኔ፣ ሰዓት ሳይሞላ የራሴን ደም በልጄ ስም ላስገባ ክንዴን ዘርግቻለሁ። ያውም በቅንነት! ሴትዮዋ መጥታ ቁልፉን ቆለፈችልኝ።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት ከሐሙሲት።

«ተከራያችን ደውላ ግቢያችሁ ሰው ሞልቷል አለችኝ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።» አጥሩ ጥግ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት፤ ሽንቱን፣ ጸበሉን፣ ቃሉን፣ ክንዴን መዘርጋቴንም አልደበቅሁ።  ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኋት።

«አለሁ። አንቱ፣ ይቺ ልጅ ስትወለድ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ሆስፒታል።»

«ወሩስ?»

«ነሐሴ ነው።»

«ፍልሰታ አልነበረም? ደሴቱ ላይ ሱባኤ ገብተው ሚስትህ ልትሞት ነው ቢሏቸው በታንኳ የመጡት ሰውየ ማን ነበሩ?»

«እኔ ነበርሁ።»

«ሐኪሙ ደሟ አልቋል ሲልዎት እጅጌዎን ሰበሰቡ። ማንን አስፈቀዱ? አባን ጠየቁ? እስኪ ይንገሩኝ!»

«ማንንም አልጠየቅሁም።»

«እኔ ተኝቼ ስጠብቅ ነበር። ሱባኤየን በደም አፈረስሁ ብለው ይጸጸታሉ ብየ ስንት ቀን ፊትዎን አየሁ። ተጸጸቱ?»

«አልተጸጸትሁም።»

«ስለዚህ ስልኩን ይዝጉና ልጅቱን ይፍቷት። ያሰሯት እርስዎ ነዎት እንጂ እግዜር አይደለም። አሁን ሕፃኑን ላጥብበት።»

ዘጋችው።

ይህን ነገር እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያን ቀን አልጋ ላይ ተጋድሜ ደሜ በቀጭን ጎማ ሲወርድ አንድ ጊዜ እንኳ ኃጢአት ነው ብየ አላሰብሁም፤ የምትሞት ሚስት፣ እናቷን ያላየች ጨቅላ ነበሩ ያሉኝ። ለራሴ ሳልጠይቅ የፈቀድሁትን ለልጄ በመሐላ ከልክያታለሁ።

ማንጎው ሥር ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እናትሽ ስጭ ብላለች» አልኋት።

«እርስዎስ አባየ?»

«እኔም።»

«ከልብዎ ነው? በኋላ ጆሮየ ቢጮህ በዚህ ምክንያት ነው እንዳይሉኝ።»

«ልቤ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን ከልቤ ነው። ቃሉን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ አባም አልጠየቁሽ፣ እግዜርም አልጠየቀሽ። አንሥቼልሻለሁ።»

አቀፈችኝ። የቡጢኛ እቅፍ አጥንት ይሰብራል።

ደሙን ሴትዮዋ ቀዳች። ሦስት የታሸገ ዕቃ ደርድረው ልጄ ራሷ አንዱን መረጠች፤ ማንም እንዳይቀይርባት ነው አሉ። መርፌው ሲወጣ ሴትዮዋ ጥጥ ሰጠችኝና «አባቴ፣ እርስዎ ይጫኑላት» አለችኝ። ጫንሁ። ጥጡ ላይ የወጣችው ደም የአተር ፍሬ አታህልም ነበር። ለዚህች ነው ያ ሁሉ።

ሽንቱም ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ደረሰ። ሁለተኛ ጊዜ ጓሮ ሲሄዱ እኔው ቀድሜ የቆርቆሮውን በር ከፈትሁላቸው። ሰውየው በመሣሪያው አየና ራሱን ነቀነቀ፤ በቃ ማለቱ ነው። ጠርሙሱን ሲዘጋው ቀጭ ቀጭ አለ፤ ከዚያ በኋላ ሳይሰበር አይከፈትም አሉኝ። ሊሄዱ ሲሉ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ከዚህ የባሰ ነው የለመድነው አባቴ፤ ውሻ የለቀቁብንም አሉ» አለችና ሣጥኑን ይዘው በባጃጅ ሄዱ።

በማግሥቱ አባ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ተናገርሁ። «እኔ ያላዘዝሁትን ሸክም ለምን ጫንህባት?» አሉኝ፤ ሌላ አላሉም። ሰባተኛዋን ቀን ፈጸመች፤ አንድ ጣሳ ብቻ ቀዳሁላት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። አሠልጣኙ «ካልደወሉ ደግ ነው አባት፤ የሚደውሉት ሲገኝ ነው» አለኝ። አልደወሉም። ልጄ ውጭ አገር ሄደች፣ አንዷን አሸንፋ በሁለተኛዋ ተሸንፋ መጣች። ጆሮዋ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጮህባታል። አሠልጣኙና አስተማሪው ዛሬም ሲገናኙ ሽንት ነው ደም ነው እያሉ ይከራከራሉ፤ እኔን ሲጠይቁኝ ሁለቱንም ውሰዱ እላለሁ። ከልጄ ብቻ ግን አይደለም፤ ከእሷ ፊት ጓንት አጥልቃ ከምትቆመውም ውሰዱ።

ያን ጧት ብቻየን ብሆን ኖሮ ልጄን በፍቅር አጠፋት ነበር። ያሻገረኝ ሰው ማን ነው ብትሉኝ መርማሪዎቹም አይደሉም፣ አባም አይደሉም። ሐሙሲት ሆና የሰው ሕፃን ስታጥብ የነበረች፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ የልጄ እናት፣ ባለቤቴ ናት።